በኃይል የተገኘ አንድነት፦ ከመቄዶንያ እስከ መቅደላ

በቅዳሴያችን ከሚነበቡት መልእክታት መካከል ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ፊልጵስዩስና ወደ ተሰሎንቄ ሰዎች የላካቸው ይገኛሉ። ሁለቱን ስሞች ከልጅነታችን ጀምሮ ስለምንሰማቸው ከየት እንደ መጡ ብዙ ጊዜ አንጠይቅም። ፊልጵስዩስ፣ ሐዋርያው ወደዚያ ከመድረሱ አራት መቶ ዓመታት ያህል ቀደም ብሎ፣ በ356 ቅ.ል.ክ. የመቄዶንያው ንጉሥ ዳግማዊ ፊልጶስ ይዞ በገዛ ስሙ የጠራት ከተማ ናት። ተሰሎንቄም ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ንጉሥ ሴት ልጅ ነው። እንግዲህ ወንጌል በአውሮጳ ምድር መጀመሪያ ከተሰበከባቸው ከተሞች ሁለቱ የአንድ ድል አድራጊ ቤተሰብ መታሰቢያዎች ነበሩ ማለት ነው።

ይህ ንጉሥ ለዘመናት ተለያይተው ይኖሩ የነበሩትን የግሪክ ከተሞች ከአንድ ሥልጣን በታች ያዋለ ሰው ነው። ታሪኩን የምናነሣው ለዕውቀት ብቻ አይደለም። በደቡብ ወሎ ደጋ የሚኖር ምእመን ከበሽሎ ሸለቆ በላይ አምባ መቅደላን ሲመለከት በልቡ የሚነሣው ጥያቄ በግሪኮችም ዘንድ ተነሥቶ ነበር። ጥያቄው ይህ ነው፦ እርስ በርሱ የተከፋፈለን ሕዝብ አንድ ብርቱ ሰው በጉልበት ሰብስቦ አንድ ቢያደርገው፣ ያ አንድነት መልካም ነውን? ይጸናልስ? ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ የተካሄደው ጦርነት በወሎ ምድርም አልፎ ስንቱን ቤት እንዳፈረሰ ላየን ለእኛ፣ ይህ የመጻሕፍት ጥያቄ ብቻ ሊሆን አይችልም።

በሩን የከፈቱት እነማን ነበሩ?

ግሪኮች አንድ ቋንቋ ይናገሩ ነበር፤ የሚያመልኳቸው አማልክት የጋራ ነበሩ፤ በየአራት ዓመቱም በኦሊምፒያ ተሰብስበው ይወዳደሩ ነበር። ሆኖም እያንዳንዱ ከተማ ለራሱ መንግሥት ነበር። አቴናና ስፓርታ ከ431 እስከ 404 ቅ.ል.ክ. ተዋግተው አቴና ተሸነፈች። በ371 ቴቤስ ስፓርታን በሌውክትራ ሰበረቻት፤ በ362 ደግሞ ቴቤስ ራሷ በማንቲንያ ጦርነት ታላቁን መሪዋን ኤጳሚኖንዳስን አጣች። እያንዳንዷ ከተማ በተራዋ የሌሎቹ አለቃ ለመሆን ትመኝ ነበር እንጂ ከሌሎቹ ጋር በእኩልነት ለመኖር የተዘጋጀች አልነበረችም። እንዲህ ሲዋጉ ኖረው በመጨረሻ ሁሉም ደከሙ።

ፊልጶስ በ359 ቅ.ል.ክ. ሥልጣን በያዘ ጊዜ ግሪኮች መቄዶንያን በንቀት ይመለከቷት ነበር፤ ሕዝቧንም ከአረመኔ የሚቆጥሩ ነበሩ። እርሱ ግን በወጣትነቱ በቴቤስ መያዣ ሆኖ ሲኖር የዚያችን ከተማ የጦር ሥርዓት ለመመልከት ችሎ ነበር። ሲነግሥ እግረኛውን ረጅም ጦር አስታጠቀ፤ ሠራዊቱን ክረምት ከበጋ አሠለጠነ፤ በፓንጋዮን ተራራ አካባቢ የነበረውን የወርቅ ማዕድን ያዘ፤ በጋብቻም ከጎረቤት ገዢዎች ጋር ተዛመደ።

ነገር ግን ጦሩና ወርቁ ብቻቸውን ወደ ግሪኮች መካከል አላስገቡትም። በ356 ቅ.ል.ክ. የፎኪስ ሰዎች የዴልፊን መቅደስ ከነሀብቱ ስለ ያዙ አሥር ዓመት የፈጀ ጦርነት ተነሣ። በዚህ ጦርነት መጀመሪያ የቴሳልያ ሰዎች፣ በኋላም ቴቤሳውያን ጠላቶቻቸውን እንዲመታላቸው ፊልጶስን ጠሩት። እርሱም በ346 ጦርነቱን ፈጸመ፤ የመቅደሱ ጠባቂ በነበረው በግሪኮች ጉባኤ ውስጥም የተሸነፉትን ሰዎች መቀመጫ ወረሰ። ወንድሙን ለመጉዳት ብርቱ እንግዳ የጠራ ሰው እንግዳውን መሸኘት እንደሚያቅተው ያን ጊዜ ታየ።

በአቴና ሁለት ድምፆች ተሰሙ። ዘጠና ዓመት የሞላው መምህር ኢሶቅራጥስ ለፊልጶስ በጻፈው ግልጽ ደብዳቤ ግሪኮችን አስታርቆ በፋርስ ላይ እንዲመራቸው ለመነው። ተናጋሪው ዴሞስቴንስ ግን ይህ ሰው የሚያመጣው ሰላም ባርነት ነው እያለ ሕዝቡን ለመከላከያ ቀሰቀሰ። ሁለቱም እውነት ነበራቸው፤ የሁለቱም እውነት ግን ጎዶሎ ነበር። ኢሶቅራጥስ የእርስ በርስ መተላለቅ ሞት መሆኑን አይቷል፤ በሌላው ፈቃድ ላይ ያልቆመ አንድነት ምን እንደሚያስከትል ግን አልመረመረም። ዴሞስቴንስ የነጻነትን ክብር ያውቅ ነበር፤ የሚከላከልላት አቴና ግን በ416 ቅ.ል.ክ. አልገዛም ያለችውን ትንሿን የሜሎስ ደሴት ወንዶቿን ገድላ ሴቶቿንና ሕፃናቷን የሸጠች ከተማ ነበረች። ለራሱ ነጻነትን እየፈለገ ለደካማው የሚነፍግ ሰው፣ ከእርሱ የበረታ በመጣበት ቀን የሚያቀርበው አቤቱታ ኃይሉን ያጣል።

በ338 ቅ.ል.ክ. በኬሮንያ ሜዳ አቴናና ቴቤስ ተሸነፉ። በሚከተለው ዓመት ፊልጶስ ከስፓርታ በቀር ሁሉንም በቆሮንቶስ ሰብስቦ አንዱ ከተማ ሌላውን እንዳይወጋ፣ አለመግባባት ሲነሣም በጋራ ጉባኤ እንዲታይ አስማላቸው። በወረቀት ላይ ይህ መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን የመቄዶንያ ወታደሮች በቴቤስና በቆሮንቶስ ምሽጎች ውስጥ ተቀምጠው ነበር፤ የፋርስ ዘመቻ መሪም አስቀድሞ የታወቀ ነበር። ንጉሡ በ336 በገዛ ጠባቂው እጅ ተገደለ። በ335 ቴቤስ ስታምፅ ልጁ እስክንድር ከተማዪቱን አፈረሳት፤ ከሞት የተረፉትን ነዋሪዎቿንም ሸጣቸው። እስክንድር በ323 በባቢሎን በሞተ ጊዜ ዜናው እንደ ተሰማ ብዙዎቹ የግሪክ ከተሞች ጦር አነሡ። ሰላሙ በአንድ ሰው ክንድ ላይ ቆሞ ነበርና ክንዱ ሲዝል ሰላሙ አብሮት ወደቀ።

የቋራው ካሳ

ወደ አገራችን እንመለስ። ራስ ሚካኤል ስሑል በ1761 ዓ.ም. ዐፄ ኢዮአስን ካስገደሉበት ጊዜ አንሥቶ እስከ 1847 ዓ.ም. ድረስ ያለው ዘመን ዘመነ መሳፍንት ይባላል። በጎንደር ዙፋን ላይ ንጉሠ ነገሥት ቢቀመጥም ሥልጣኑ በየጁ፣ በትግራይ፣ በስሜን፣ በጎጃምና በሸዋ መሳፍንት እጅ ነበር። እነርሱም ልክ እንደ ግሪክ ከተሞች አንድ ዙፋን እያከበሩ፣ አብዛኞቹም አንድ ሃይማኖት እያመኑ፣ እርስ በርሳቸው ይዋጉ ነበር። የጦርነቱን ዋጋ የሚከፍለው ገበሬው ነበር፤ ያለፈው ሠራዊት ሁሉ ጎተራውን ያራግፍ፣ በሬውን ያርድ ነበርና።

በዚህ መካከል ከቋራ ጠረፍ ካሳ ኃይሉ ተነሡ። መኳንንቱ እንደ ሽፍታ፣ እናታቸውንም እንደ ኮሶ ሻጭ እየቆጠሩ ናቋቸው። ኃይላቸው ሲበረታ ግን ራስ ዓሊ የልጃቸውን የወይዘሮ ተዋበችን እጅ ሰጡ። ጋብቻው ጦርነቱን አላስቀረም። በ1845 ዓ.ም. ኅዳር የጎጃሙ ደጃዝማች ጎሹ በጉር አምባ ወደቁ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ራስ ዓሊ በአይሻል ተሸነፉ፤ በ1847 ዓ.ም. የካቲት የስሜኑ ደጃዝማች ውቤ በደረስጌ ተማረኩ። ካሳም ከጥቂት ቀን በኋላ በዚያው በደረስጌ ማርያም ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ።

ንጽጽሩን ከመጠኑ ልናሳልፈው አይገባም። ፊልጶስ ለግሪኮች ግማሽ ባዕድ ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ግን የገዛ አገራቸውን አንድነት የሚመኙ የአገር ልጅ ነበሩ። ምኞታቸውም ትልቅ ነበር። ገበሬው ወደ እርሻው፣ ነጋዴው ወደ ንግዱ እንዲመለስ አዋጅ አስነገሩ፤ የባሪያ ንግድን ከለከሉ፤ ወታደሩ በደመወዝ እንጂ በዘረፋ እንዳይኖር አሰቡ። የዘመነ መሳፍንትን መከራ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለ ንጉሥ በመነሣቱ ደስ ቢለው የሚያስነቅፈው አይደለም። ስለዚህ ጥያቄያችን ንጉሡ ክፉ ነበሩ ወይስ ደግ የሚል አይደለም። መልካም ዓላማ የያዘ ሰው በኃይል ብቻ ሲሠራ ዓላማውስ ምን ይሆናል? የሚለው ነው።

ፍርሃት የሚያስከፍለው

ዐፄ ቴዎድሮስ በነገሡ በወራት ውስጥ ወደ ወሎ ዘመቱ፤ በ1848 ዓ.ም. መጀመሪያም መቅደላን ያዙ። በዚያው ዓመት ሸዋ ገባ፤ የንጉሥ ኃይለ መለኮት ልጅ ምኒልክም በልጅነታቸው ተይዘው ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ሠፈር ተወሰዱ። መቅደላ ግምጃ ቤትና መሣሪያ ቤት፣ ከሁሉም በላይ ግን የባላባት ልጆች የሚታሰሩበት አምባ ሆነ።

ድሉ ግን አልረጋም። ሠራዊቱ ከወሎ ሲወጣ ወሎ ይሸፍታል፤ ወደ ወሎ ሲመለስ ጎጃም ይነሣል። በፍርሃት የሚገዛ ሰው ፍርሃቱን በየቀኑ ማደስ አለበት፤ ትናንት ያስፈራው ቅጣት ዛሬ ይለመዳልና ነገ ከዚያ የከፋ ያስፈልጋል። ከዚህ የተነሣ ቅጣቱ ከበደለኛው አልፎ ወደ ዘመዱ፣ ከዘመዱም ወደ ከተማው ይሄዳል። በሰኔ 1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው በወረ ሂመኖዋ ገዢ በወይዘሮ ወርቂት አገር በኩል ወደ ሸዋ ሲሄዱ፣ በአምባው ታስሮ የነበረው የወይዘሮዪቱ ልጅ ከሌሎች የወሎ እስረኞች ጋር ተገደለ። በ1859 ዓ.ም. የነገሥታቱ ከተማ ጎንደር ከነአብያተ ክርስቲያኗ ተዘርፋ ተቃጠለች። አንድ ላደርጋችሁ መጣሁ ያለው ክንድ የሚሰበስበውን መልሶ ይበትን ጀመር።

ኃይል ሌላም ጠባይ አለው። በሰውነት ላይ ከሠለጠነ በኋላ በሕሊና ላይ ሊሠለጥን ይፈልጋል። በካቶሊክ መጽሐፍ ቅዱስ የሚገኘው አንደኛ መጽሐፈ መቃብያን ታሪኩን የሚጀምረው ከፊልጶስ ልጅ ከእስክንድር ነው። እስክንድር ብዙ ምድር ከያዘ በኋላ ታሞ እንደ ሞተ፣ ሹማምንቱ እያንዳንዳቸው ዘውድ እንደ ጫኑና ክፋት በምድር ላይ እንደ በዛ ይነግረናል። ከእነርሱም ወገን የተነሣው አንጥዮኮስ ኤጲፋኔስ በመንግሥቱ ያለ ሕዝብ ሁሉ የየራሱን ሕግ ትቶ አንድ ሕዝብ እንዲሆን አዘዘ፤ በ167 ቅ.ል.ክ. የኢየሩሳሌምን ቤተ መቅደስ አረከሰ፤ እምቢ ያሉትንም አስገደለ። አንድነት የሚለውን መልካም ቃል ለአሳዳጅ መሣሪያነት ሲያገለግል በዚህ ስፍራ እናገኘዋለን።

ይህ ነገር በአገራችንም ደርሷል። በጎጃም የተወለዱት ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ጦር አልመዘዙም፤ ዙፋንም አልተመኙም። ከቅዱስ ያዕቆብ ደ ያቆቢስ ጋር የተቀበሉትን እምነት አልክድም ስላሉ ብቻ ተገረፉ፤ በሰንሰለት ታስረው ከንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊት ጋር ሲንከራተቱ በ1847 ዓ.ም. ክረምት ዐረፉ። ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1926 ብፁዕ ብላቸዋለች። በዚያ ዘመን ካቶሊካውያን እንዲሳደዱ ከንጉሡ ጋር የተባበሩት አቡነ ሰላማም በኋላ ከንጉሡ ጋር ተጣልተው በዚሁ መቅደላ ታሰሩ፤ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. እስረኛ እንደ ሆኑ ሞቱ። ይህን የምናነሣው ለወቀሳ አይደለም። ለእምነቱ ጠበቃ እንዲሆንለት የንጉሥን ክንድ የጠራ ሁሉ ያ ክንድ ወደ እርሱም ሊዞር እንደሚችል እንዲያስብ ነው።

ካቶሊካውያንም ከዚህ ትምህርት ውጭ አይደለንም። ዐፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክን እምነት ከተቀበሉ በኋላ ሕዝቡ ሁሉ በአዋጅና በቅጣት እንዲከተል በተደረገ ጊዜ ብዙ ደም ፈሰሰ፤ በ1632 ንጉሡ ራሳቸው አዋጁን ሽረው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ደግሞ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ አዘዙ። ገዢው ኢማም መሐመድ ዓሊ ሚካኤል ተብለው ክርስትና ተነሡ፤ ሌሎች ግን ሸፈቱ ወይም ተሰደዱ። ወሎ ዛሬም የመስጊድና የቤተ ክርስቲያን አገር ሆና መኖሯ አዋጅ ልብን መለወጥ እንዳልቻለ ምስክር ነው። ዳግማዊ የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 በእምነት ጉዳይ ማንም ሰው ሊገደድ እንደማይገባ በግልጽ አስተምሯል።

የሰሙነ ሕማማት ቀናት

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ ባለማግኘቱ ተቆጥተው የእንግሊዝን ቆንስልና ሌሎች አውሮጳውያንን አሰሩ። እነዚህን እስረኞች ለማስፈታት ጄኔራል ናፒየር 13,000 ያህል ወታደሮች ይዞ በቀይ ባሕር ዳር በዙላ ወረደ። ከዚያ እስከ መቅደላ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መንገዱም ገደልና ሸለቆ ነው። ይሁን እንጂ ወደ አምባው ግርጌ እስኪደርስ ድረስ መንገዱን የዘጋበት አንድም ጦር አልነበረም። የትግራዩ ደጃዝማች ካሳ ምርጫ ስንቅ እንዲያገኝ ፈቀዱለት፤ ዋግሹም ጎበዜ አልተቃወሙትም፤ የወሎዋ ወይዘሮ መስታወት ሰዎችም የአምባውን መውጫ ይጠብቁ ነበር። ንጉሡ በበኩላቸው በጋፋት ያሠሩትን ሰባ ኩንታል ያህል የሚመዝን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ መንገዱን ከሠራዊታቸው ጋር በገዛ እጃቸው እየሠሩ ከደብረ ታቦር መጥተው ነበር። ያን የሚያህል ብረት ገደል የሚያወጣ ጉልበት ነበራቸው፤ ከዙላ እስከ በሽሎ ድረስ ግን ጦር ይዞ የሚቆምላቸው አንድ ባላባት አልነበረም።

በዚያ ዓመት የምሥራቁና የምዕራቡ ፋሲካ በአንድ ቀን ውሎ ነበር። በጸሎተ ሐሙስ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ንጉሡ በቍጣ ብዙ ኢትዮጵያውያን እስረኞችን አስገድለው ገደል አስጣሏቸው። በስቅለት ዕለት በአሮጌ ሜዳ ላይ 700 ያህል ኢትዮጵያውያን ወደቁ፤ ፊታውራሪ ገብርዬም በዚያ ሞቱ። ቅዳሜና እሑድ አውሮጳውያኑ ተለቀቁ። በፋሲካ ማግስት፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ አምባው ሲሰበር ዐፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን ለጠላት አልሰጥም ብለው በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ። እንግሊዞች የቤተ ክርስቲያኑን መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት ዘርፈው፣ አምባውን አቃጥለው፣ ሕፃኑን ልዑል ዓለማየሁንም ይዘው ሄዱ። ልጁ እ.ኤ.አ. በ1879 በ18 ዓመቱ በእንግሊዝ አገር ሞተ።

የንጉሡ ጽናት የሚደነቅ ነው፤ ሕዝባችንም እስከ ዛሬ ያደንቀዋል። ነገር ግን ከሐሙስ እስከ ሰኞ ያለውን ሁሉ በአንድነት ማየት ይገባል። ሰኞን ብቻ የሚያይ ሰው ጀግና ያያል፤ ሐሙስን ብቻ የሚያይ ጨካኝ ያያል። ሁለቱም አንድ ሰው ናቸው፤ አንዱን መደበቅ ለሌላው ክብር አይጨምርም። በሌላ በኩል ደግሞ መንገድ የለቀቁትን መሳፍንት ሁሉ ከዳተኞች ናቸው ብሎ ማለፍ ፍርድ አይሆንም። ልጇን በገደል አፍ ያጣች እናት ለዚያ አምባ እንድትዋጋ ማን ሊጠይቃት ይችላል? እንዲሁም ቴቤሳውያን ፊልጶስን እንደ ጠሩት ሁሉ፣ ባዕድ ጦርን በወገን ላይ ማሳለፍ ዋጋ ያስከፍላል። ናፒየር ሲመለስ ለደጃዝማች ካሳ የሰጣቸው የጦር መሣሪያ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1863 ዓ.ም.፣ በዐድዋ አጠገብ ዋግሹም ጎበዜን፣ ማለትም ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን፣ ድል ለመንሣት አገለገለ። አንዱ ጦርነት የሚቀጥለውን ወለደ።

ያለ ኃይል ይቻል ነበርን?

አንድ አስተዋይ አንባቢ እዚህ ላይ እንዲህ ሊል ይችላል፦ መሳፍንቱ በምክር የሚሰሙ ሰዎች አልነበሩም፤ ያለ ሰይፍ ዘመነ መሳፍንት ማብቂያ አይኖረውም ነበር፤ በኋላ የተነሡት ነገሥታትም የቆሙት ዐፄ ቴዎድሮስ በጠረጉት መንገድ ላይ ነው። ይህ ተቃውሞ ቀላል አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስም ባለ ሥልጣን ክፉ አድራጊን የመቅጣት አደራ እንዳለበት ያስተምራል። የሚገድልን እጅ የሚይዝ ከሌለ ደካማው ይጠፋል።

ስለዚህ መለየት ያለብን ነገር አለ። ኃይል የገዳይን እጅ ሊይዝ ይችላል፤ ሁለት ጠበኞችን ግን ወንድማማቾች ሊያደርግ አይችልም። የሚሠራውም ሥራ መልካም የሚሆነው ሦስት ነገሮች ሲጠብቁት ነው። አንደኛ፣ ኃይለኛው ራሱ ለሕጉ ሲገዛ። ሁለተኛ፣ በደለኛውን ከዘመዱና ከመንደሩ ሲለይ። ሦስተኛ፣ ደካማው እምቢ ብሎ በሕይወት መኖር ሲችል። በቆሮንቶስ የተጻፈው ሕግ መልካም ነበር፤ ፊልጶስ ግን ከሕጉ በላይ ነበር። የደረስጌው አዋጅም መልካም ነበር፤ በመቅደላ የታሰሩት ልጆች ግን ከአባታቸው ልጅነት በቀር ወንጀል አልነበራቸውም።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በወሎ ያለውን ቅሬ እንመልከት። በአንድ ቅሬ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብረው ይገኛሉ፤ የሞተውን አብረው ይቀብራሉ፤ ያዘነውን አብረው ያጽናናሉ። ቅሬ ያለ ቅጣት የሚሄድ የዋህ ማኅበር አይደለም። ከቀብር የቀረ ይቀጣል፤ በእምቢተኝነቱ የጸና ከማኅበሩ ይወጣል፤ ከማኅበር የወጣ ደግሞ ሬሳውን የሚያነሣለት ያጣል። ይህ ከባድ ኃይል ነው። ሆኖም ሰው ይቀበለዋል፤ ምክንያቱም ሕጉ ለሀብታሙም ለድኻውም አንድ ነው፤ ቀጪዎቹም ነገ የሚቀጡበት ሕግ ነው፤ የሌላውንም እምነት አይነካም። የተጣላ ሲኖር ሽማግሌዎች፣ በአንዳንድ ስፍራም አባጋሮች፣ ገዳይንና የሟችን ወገን አቀራርበው ካሣ አስከፍለው ያስታርቃሉ። ታላላቅ ነገሥታት ያልቻሉትን የአገር ሽማግሌ በዛፍ ጥላ ሥር ሲያደርገው እናያለን፤ እርሱ ሁለቱ ወገኖች ተነጋግረው እስኪስማሙ ይታገሣልና።

እርግጥ ነው፣ አገር ቅሬ አይደለም፤ ሚሊዮኖችን በዛፍ ሥር መሰብሰብ አይቻልም። ደግሞም ቅሬና ሽማግሌ ባሉበት አገር ጦርነት መግባቱን አይተናል። ትንሹ ማኅበር ግን ትልቁ ሊከተለው የሚገባውን ሚዛን ይዞልናል። አንድ መንግሥት፣ አንድ ወገን፣ አንድ ድርጅት ስለ አንድነት ሲናገር ስንሰማ ልንጠይቀው የሚገባን ቀላል ነገር ነው፦ በዚህ አንድነት ውስጥ ትንሹ ሰው እምቢ ማለት ይችላልን? ትልቁስ ሰው ይቀጣልን? መልሱ አይደለም ከሆነ አንድነቱ የቱንም ያህል ቢያምር በአንድ ሰው ክንድ ላይ የተደገፈ ነው። እንዲሁም ስለ ነጻነት የሚናገረውን እንጠይቀው፦ ለራስህ የምትፈልገውን ከአንተ ለሚያንሰው ታደርግለታለህን? ሜሎስን ያጠፋች ከተማ ለዚህ መልስ አልነበራትም።

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን

ይህን ታሪክ ለወጣቶች ስናስተምር ሁለት ፈተናዎች ያጋጥሙናል። አንደኛው ታሪክን የጀግና ውዳሴ ብቻ ማድረግ ነው፤ ያን ጊዜ ወጣቱ ግቡ መልካም ከሆነ መንገዱ አይጠየቅም ብሎ ይወጣል። ሁለተኛው ታሪክን የበደል ዝርዝር ብቻ ማድረግ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ እያንዳንዱ የአያቱን ቁስል ይዞ ወደ ጎረቤቱ ይዞራል። መምህሩ ሁለቱንም ማምለጥ የሚችለው በየታሪኩ ውስጥ በስም ያልተጠራውን ሰው ሲፈልግ ነው። ከቴቤስ የተሸጠው ልጅ፣ ጎተራው የተራገፈው ገበሬ፣ በጸሎተ ሐሙስ ከገደል የተጣለው እስረኛ ማን ነበር? ክርስቲያን ታሪክን በዚህ ሰው በኩል ሲያይ ለማንም ሳያዳላ ሊፈርድ ይችላል።

የእስራኤል ሕዝብ እንደ አሕዛብ ሁሉ ንጉሥ ይሁንልን ብለው በጠየቁ ጊዜ ነቢዩ ሳሙኤል ንጉሡ ልጆቻቸውን ለጦሩ፣ እርሻቸውን ለሹማምንቱ እንደሚወስድ አስጠንቅቋቸው ነበር። እግዚአብሔር የጠየቁትን አልከለከላቸውም፤ ዋጋውን ግን አስቀድሞ ነገራቸው። ጠበኛ ሕዝብ ብርቱ ጌታ ይጠራል፤ ጌታውም ይመጣል። ስለዚህ ስለ ነገ ጌታችን ከመጨነቅ በፊት ስለ ዛሬው ጠባችን መመርመር ይበልጥ ይጠቅመናል። በድንበር፣ በውርስ፣ በወገን፣ በእምነት የተጣላነውን ጎረቤታችንን ሳንታረቅ ስለ አገር አንድነት ብንናገር ለፊልጶስ በር መክፈታችን ነው።

ቅዱስ ጳውሎስ በድል አድራጊው ስም ወደ ተጠራችው ከተማ ለሚኖሩት ክርስቲያኖች ሲጽፍ አንድ ልብ እንዲሆኑ ለመናቸው። ምሳሌ አድርጎ ያቀረበላቸው ግን የከተማቸውን መሥራች አልነበረም፤ ጌታ ሲሆን ራሱን ባዶ ያደረገውን፣ የአገልጋይን መልክ የያዘውን፣ እስከ መስቀል ሞት የታዘዘውን ክርስቶስን ነው። ደብዳቤውንም የጻፈው በእስር ቤት ሆኖ ነው። የእስክንድር ግዛት እርሱ በሞተ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተከፋፈለ። እስረኛው የጻፈው ደብዳቤ ግን በመካነ ሰላምም ሆነ በደሴ፣ በአዲስ አበባም ሆነ በሮማ፣ ማንም ሳያስገድድ እስከ ዛሬ ይነበባል። እኛም በየቁምስናችን፣ በየቅሬያችንና በየቤታችን የምንሠራው አንድነት ትንሽ ቢመስልም፣ በዚህ መሠረት ላይ የቆመ እንደ ሆነ፣ ብርቱ ክንድ ሲዝል አብሮ የሚወድቅ አይሆንም።